መሪ አንጠብቅ፤ ከሰፈራችን እናፍራ

ወገን! ዛሬ ስለ ሰንደቅም ስለ መፈክርም አይደለም የምንጽፈው። ስለ ቧንቧ ነው። አትሳቁ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ፍረዱ።

ከመካከላችን አንዱ በቅርቡ ያጫወተን ነገር ነው። በሰፈሩ ውኃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሞላው። እሱና ጓደኞቹ ሁላችንም የምናደርገውን አደረጉ። የተሰለፈ ቢጫ ጀሪካን ፎቶ አነሱ፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚል ጽሑፍ አከሉበት፣ ለቀቁት። ላይኩ ዘነበ፣ ሼሩ ጎረፈ። የማይተዋወቁ ሰዎች ኮሜንት ሥር እስኪሰዳደቡ ድረስ ጉዳዩ ጦዘ። ውኃው ግን ጠብ አላለም።

በአራተኛው ሳምንት የሰፈሩ ዕድር ገንዘብ ያዥ የሆኑ እናት ልጁን አስጠሩት። እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ፣ ትምህርታቸው ከመሠረተ ትምህርት ያላለፈ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ስትጮሁ ሰምቻለሁ፤ ለማን ነው የምትጮሁት?» አሉት። መልስ አጣ። «በል ወረቀት አምጣ፤ እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ» አሉት። ቤት ለቤት ዞሩ። ውኃ ያጣውን ሁሉ ስሙን ከነፊርማው ሰበሰቡ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደጠፋ፣ ከየትኛው ቤት በላይ እንዳለና ከየትኛው በታች እንደሌለ ለዩ። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጅተው አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሌላው ላይ ቁጥርና ቀን አስጻፉ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ጊዜ መዝገቡ ሲገለበጥ የወጣው ነገር ግን ልጁን አንገት አስደፋው። ያን ሁሉ ሳምንት ከዚያ ሰፈር አንድም ሰው በጽሑፍ አላመለከተም ነበር! በቁፋሮ የተጎዳ መስመር ነበር፤ በሁለት ቀን ተጠግኖ ውኃው መጣ።

መሥሪያ ቤቱ ንጹሕ ነው እያልን አይደለም። ሳይነገረው ሄዶ ማየት ነበረበት። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። እኒያ እናት እኛ የሌለን ምን ነበራቸው? ዲግሪ አልነበራቸውም። ፎሎወር አልነበራቸውም። የነበራቸው ሰው የመሰብሰብ፣ ነገሩን የመለየት፣ ለሚመለከተው የማቅረብና መልስ እስኪገኝ የመከታተል ልምድ ነው። እሱን ደግሞ ከየትም አላመጡትም፤ ለዓመታት የዕድር መዝገብ ይዘው፣ ድንኳን አስተክለው፣ የተጣላ አስታርቀው የተማሩት ነው። ይህ ልምድ ስሙ አመራር ነው።

በሽታችንን እንነጋገር

እንደ እንቅስቃሴ ራሳችንን በግልጽ እንይ። ሕዝብ ማነቃቃት እንችላለን። በአንድ ሌሊት አንድን ጉዳይ የሀገር መነጋገሪያ እናደርጋለን። ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ እንደሚገባ ከአዋጅ ቁጥር 3/1983 ጠቅሰን እንከራከራለን። ግን ከመካከላችን የወረዳው የዘንድሮ በጀት ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ማነው? የቀበሌው ምክር ቤት አባላት እነማን እንደሆኑ በስም የሚጠራ አለ? የሰፈሩ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት መቼ እንደሚሰበሰብ የሚያውቅስ? እስቲ እጃችሁን አውጡ!

ሌላው በሽታችን ከዚህ ይብሳል። ሁሉን ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንጭናለን። አንድ ጀግና ይነሳል፣ ፎቶውን ፕሮፋይል እናደርጋለን፣ ስሙን እንዘምራለን። ከዚያስ? ሲታሰር አብረን እንታሰራለን፣ ሲሰደድ አብረን እንሰደዳለን፣ ሲሸጥ አብረን እንሸጣለን። እሱ ሲሳሳት የሚያርመው የለም፤ እሱ ሲደክም የሚተካው የለም። እንቅስቃሴው የእሱ ጥላ ስለሆነ እሱ ሲጠፋ ጥላውም ይጠፋል። ይህን ስንቴ አየነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ሎሚውን ሁሉ ለአንድ ሰው አሸክመን ለምን ወደቀ ብለን እናለቅሳለን።

ሀገር ያለ መንግሥት የቆየችበት ዘመን

ታሪክ እንወዳለን አይደል? እንግዲያው ታሪኩን በደንብ እናንብበው።

መጋቢት 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ተፈታ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ወጥተዋል፤ ሚኒስቴርም ቤተ መንግሥትም የለም። በወረቀት ላይ ሀገሪቱ አለቀላት። ግን አላለቀላትም። አምስት ዓመት ሙሉ በየጫካው የተዋጋው አርበኛ ከየት መጣ? ከየመንደሩ ነው። ሰው በየአካባቢው የጎበዝ አለቃውን መረጠ፤ ስንቁን ከቤቱ አወጣ፤ መረጃውን በራሱ መንገድ አቀባበለ። ማዕከሉ ሲፈርስ መንደሩ አልፈረሰም።

ከተማውስ? የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ሸዋረገድ ገድሌን አስቡ። በጠላት አፍንጫ ሥር ሆና ገንዘብ፣ መድኃኒትና ጥይት እያሰባሰበች ወደ ጫካ ላከች። ተያዘች፣ ተገረፈች፣ ጣሊያን ሀገር ድረስ ተወስዳ ታሰረች፤ ተመልሳም ትግሏን ቀጠለች። እሷ ብቻዋን አልነበረችም። ከኋላዋ ዕቃ የሚደብቅ፣ መልእክት የሚያደርስ፣ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ስሙን ታሪክ ያልመዘገበው ብዙ ተራ ሰው ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የተከበረው ድል የእነሱም ነው።

ዓድዋስ ብትሉ? ያ ሁሉ ሕዝብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተገኘው በአዋጅ ብቻ ነው እንዴ? አዋጁ ሰው ጠራ፤ ሰውን ግን በየአካባቢው አሰልፎ፣ ስንቁን አሲዞ፣ አጋሰሱን ጭኖ፣ በዚያ ሁሉ መንገድ ሳይበተን ያደረሰው የየአካባቢው መሪ፣ የየመንደሩ ሰውና ድርጎውን የተሸከመችው ሴት ናት። እኛ ግን ዓድዋን ስናከብር ንጉሡንና ፈረሱን ብቻ እንስላለን።

ከላይ የተሾመ ወደ ላይ ያያል

አሁን ደግሞ የማንወደውን ታሪክ እናንሳ። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። ብዙዎቹ የእኛን ዕድሜ የሚያህሉ፣ እንደ እኛ ሀገር እንለውጣለን ብለው ያመኑ ነበሩ። ፊደል አስቆጠሩ፣ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። ግን በዚያው ዘመን የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ቀበሌዎች ብዙም ሳይቆዩ ከነዋሪው እጅ ወጡ። ራሱን ያስተዳድርበታል የተባለው ቀበሌ በቀይ ሽብር ዘመን ሰው የሚታሰርበትና የሚገደልበት ቤት ሆነ። ያ ትውልድ በየሰፈሩ ያጣው አንድ ነገር ነበር፤ ተቋሙ ከእጁ ሲወጣ «ይህ የእኛ ነው» ብሎ የሚቆም፣ ጎረቤቱ የሚያምነው፣ ሥልጡን የሰፈር መሪ።

በእኛ ዕድሜ ደግሞ «አንድ ለአምስት»ን አይተናል። ሰውን በአምስት በአምስት ማደራጀት በራሱ ክፋት የለውም። ሰው ያስጠላው አምስቱ አንዱን መርጠው ስላላወጡት ነው። ሪፖርቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወደ ታች የሚመጣ መልስ የለም። ከላይ የተሾመ ወደ ላይ ያያል፤ ጎረቤቱ የመረጠው ወደ ጎረቤቱ ያያል። የሰፈር አመራር እንገንባ ስንል ሌላ አንድ ለአምስት እንዘርጋ ማለታችን አይደለም። ይህ ይሰመርበት።

ሕጉ ምን ይላል?

«ሕጉ አይፈቅድልንም» የምትሉ አላችሁ። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ብዙ የምንከራከርበት ነገር አለን፤ የታወቀ ነው። ግን አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4ን አንብቡት። ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛዎቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችልም ይደነግጋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቀድሞ የነበረውን ጠባብ በር አስፍቶታል። የሰፈር ዕድርና ዕቁብማ ከዚህ ሁሉ አዋጅ በፊት የነበሩ ናቸው።

በወረቀት ያለው በሥራ የለም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አንድ ምሳሌ ብቻ እንስጥ፤ በሀገር አቀፍ ደረጃ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2013ቱ ምርጫ የመረጥነው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትንና የክልል ምክር ቤትን ነው። በ2005 የስምንት ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ከሃያ አልፏል፤ የቀበሌ ካርድ ሳጥን ውስጥ የመክተት ዕድል ግን ሳያገኝ አደገ። ለመታወቂያ፣ ለድጋፍ ደብዳቤ፣ ለሁሉ ነገር የምንሄድበት ደጅ ይህ ነው፤ እኛ ግን ስለ አራት ኪሎ ብቻ እናወራለን።

እና አንድ ቀን የአካባቢ ምርጫ ቢጠራ በየቀበሌው ማንን እናቀርባለን? ስብሰባ መርቶ የሚያውቅ፣ ገንዘብ ይዞ ያስረከበ፣ ጎረቤቱ የሚመሰክርለት ሰው አለን? ወይስ ካሜራ ፊት ጥሩ የሚናገር? ያን ቀን ደርሰን ሰው ፍለጋ ብንወጣ አናገኝም። ሰው የሚሠራው ዛሬ ነው።

ምን እንማር?

አመራር ጸጋ ብቻ ነው የሚል ወሬ አለ፤ «እሱ ተፈጥሮው ነው» እንላለን። ሐሰት ነው። እንደ ሹፍርና፣ እንደ ግንበኝነት የሚለመድ ሙያ ነው። እኛ አምስት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ ስብሰባ መምራት። የእኛ ስብሰባ እንዴት እንደሆነ እናውቀዋለን። በሦስት ሰዓት የተጠራው በአምስት ይጀመራል፣ ሁለት ሰው ብቻ ያወራል፣ ማታ ላይ ሳንስማማ እንበተናለን። አጀንዳው ቀድሞ ይታወቅ፤ ከሦስት አይብለጥ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ደቂቃ ይሰጠው። ዝም ያለውን ሰው በስሙ ጥሩት፤ ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ ያለው እሱ ጋ ነው። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ተነቦ ይፈረም። ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ? እነዚህ ሦስቱ ያልተጻፉበት ስብሰባ ወሬ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ መያዝ። በዚህ ሀገር ስንት ጥሩ ማኅበር በገንዘብ ጠብ ፈረሰ! ሌብነት ሳይኖር እንኳ ደረሰኝ ስላልተያዘ ብቻ ወንድማማች የተቆራረጠበት አለ። ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አትቀበሉ፣ አታውጡም። የባንክ ሒሳቡ ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን የሚጽፈው ሰው አይሁን። በየሦስት ወሩ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበብ። ዕድሮቻችን ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ሄዳችሁ ከእነሱ ተማሩ።

ሦስተኛ፣ ማመልከትና መከታተል። ጥሩ ማመልከቻ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ጉዳዩ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ የተጎዳው ሰው ብዛት፣ የምትጠይቁት ነገር ይኑርበት። ስድብ አይኑርበት። ግልባጭ ለሚመለከተው ሁሉ ይድረስ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ፤ «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት» ላለ ሰው አትስጡ። ጊዜውንም እወቁ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። እኛ ግን ለድልድዩ የምንጮኸው ክረምት ገብቶ ሰው ከተወሰደ በኋላ፣ በጀቱም ከጸደቀ በኋላ ነው። ጥያቄው ዕቅድ በሚወጣበት ወቅት፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ወረዳው ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት። ያኔ «በጀት የለም» የሚለው መልስ ይጠፋበታል።

አራተኛ፣ ማዳመጥና ማስታረቅ። ሽማግሌዎቻችን ሲያስታርቁ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ሁለቱንም ወገን እስኪጨርስ ይሰማሉ፤ አያቋርጡም። የተናገረውን ደግመው «እንዲህ ነው ያልከው?» ይላሉ። ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት መውጫ ይሰጡታል፤ ተሸናፊ አዋርደው አይልኩም። እኛ በኮሜንት ያደግን ልጆች ግን የሰውን አፍ መዝጋት ማሸነፍ ይመስለናል። በኮሜንት ያሸነፍከው ሰው ነገ ለሰፈርህ ጉድጓድ ቁፋሮ አካፋ ይዞ አይመጣም።

አምስተኛ፣ ማስረከብ። የመሪ ትልቁ ፈተና ሲወርድ ነው። በተመረጣችሁ ቀን ተተኪያችሁን ከጎናችሁ አስቀምጡ። ቁልፉን፣ መዝገቡን፣ የሚመለከታቸውን ሰዎች ስልክ ሁሉ ለሌላ አሳዩ። የሥራ ዘመን ይገደብ። «ያለ እሱ አይሆንም» የሚባልለት ሰው መሪ አይደለም፤ ማነቆ ነው። ይህ ለእኛም ለዚህ ገጽ አዘጋጆች ይሠራል።

ተራ ሰው የሚባል የለም

በ1972 ዓ.ም. አንዲት ሴት ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሄደች። ወሎ በድርቅ ተመትቶ ነበር። መንገድ ላይ በረሃብ የሞተች እናትና ከጎኗ ያለች ሕፃን አየች። ሥልጣን አልነበራትም፣ ሀብታም አልነበረችም፤ «መንግሥት ምን ይሠራል?» ብላም አላለፈችም። ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ ቤቷ ወሰደች። አበበች ጎበና ትባላለች። ያ ቤት ኋላ ላይ ለብዙ ሺህ ሕፃናት የደረሰ ድርጅት ሆነ፤ እሷም «እዳዬ» ተብላ ተወደደች። ከድርቅ የተረፉት ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ያንን ቤት ያቆመው አሠራርም የእሷ ሥራ ነው።

በየሰፈራችሁ እንዲህ ዓይነት ሰው አለ። የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ እያንዳንዱን ቤት ያውቃል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተቸገረ ከእሱ የሚሰወር የለም። የዕቁብ ዳኛዋ ገንዘብ ለማን ቢሰጥ እንደሚመለስ ከባንክ ይልቅ ታውቃለች። ገጠር ላይ የመስኖ ተራ የሚያካፍለው የውኃ አባት በአንድ ቦይ የሚጣሉ ገበሬዎችን ሳያጋድል ዓመት ያሻግራል። የማኅበሩ ሙሴ፣ የመስጊዱ ጀመዓ አስተባባሪ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪው... እነዚህ ሁሉ መሪዎች ናቸው። እኛ «ሕዝቡን እናንቃ» ስንል እነሱ ከእኛ በፊት ነቅተው ሥራ ላይ ናቸው። የእኛ ድርሻ እነሱ የሌላቸውን ማምጣት ነው። መጻፍ እንችላለን፣ ሕግ ማንበብ እንችላለን፣ ስልካችን ላይ ሠንጠረዥ መሥራት እንችላለን። እነሱ ደግሞ አመኔታ አላቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ሰፈር ይንቀሳቀሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንሸፋፍን እንበል። የሰፈር ዕድር ሰው ሲቀብር የሟቹን ብሔር አይጠይቅም። ሀገር ወዳድ ነኝ የሚል ወጣት በዚህ ፈተና ያልፋል ወይ? ግድግዳ የምትጋራውን ጎረቤትህን ባዕድ አድርገህ ሀገሬን እወዳለሁ ማለት አይቻልም። ሀገር ከሩቅ ስትታይ ካርታ ናት፤ ከቅርብ ስትታይ ጎረቤት ናት።

ለሚነሱ ጥያቄዎች

«ዕድርን ፖለቲካ ልታደርጉት ነው?» አይደለም! ዕድርን የማንም ፓርቲ ወይም እንቅስቃሴ ቢሮ ማድረግ ነውር ነው፤ የእኛንም ጨምሮ። ወደ ዕድር ስትሄዱ የእኛን ቲሸርት አውልቃችሁ ሂዱ። ወንበር አንሱ፣ ድንኳን ትከሉ፣ መዝገብ ጻፉ። ለመማር እንጂ ለመቆጣጠር አትሂዱ።

«የጠየቀ ይፈረጃል፣ ይታሰራል» የሚለውስ? ስጋቱ እውነት ነው፤ የለም ብለን አንዋሽም። ግን ማን በቀላሉ ይፈረጃል? ብቻውን የሚጮኸው ነው። የመቶ ሰው ፊርማ ያለበት፣ ስድብ የሌለበት፣ ስለ ውኃና ስለ ትምህርት ቤት ጣሪያ የሚናገር፣ እናቶች ከፊት የቆሙበት ወረቀት ለመፈረጅ ይከብዳል። ጉዳዩም መሪውም ብዙ ሰው ሲሆን አንዱን ማሰር ጉዳዩን አያስቆመውም።

«እኔ ራሴ ሥራ የለኝም፤ ለራሴ ሳልሆን ለሰፈር?» ይህ ጥያቄ ያማል፤ ከብዙዎቻችሁ እየሰማነው ነው። ሙሉ ጊዜያችሁን ስጡ አንልም። በሳምንት ሁለት ሰዓት፤ ስልክ ላይ ከምናጠፋው ላይ ቀንሰን። ሒሳብ በታማኝነት የያዘ፣ ሰው ያስተባበረ ልጅ ደግሞ ሥራ ሲወጣ ሰፈሩ ስሙን ይጠራለታል። የምናውቀው ነው።

ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችንም አላችሁበት። ዋሽንግተን ያለኸው፣ ዱባይ ያለሽው፣ ቴል አቪቭ ያላችሁት፤ ላባችሁን ስትልኩ ለማን ነው የምትልኩት? ብዙ ጊዜ ለአንድ ስም ነው፣ ለአንድ ጎፈንድሚ ነው። ከዚያ ሒሳቡ ሳይታወቅ ይቀርና እምነት ይሞታል። ለሰው ሳይሆን ለኮሚቴ ላኩ። ቃለ ጉባኤውን ጠይቁ፣ ሁለቱ ፈራሚዎች እነማን እንደሆኑ ጠይቁ፣ ደረሰኙን ጠይቁ። ይህ አለማመን አይደለም፤ እዚህ ያለነውን ማሠልጠን ነው።

በዚህ ወር ምን እናድርግ?

አንብባችሁ ላይክ አድርጋችሁ እንድትሄዱ አይደለም የጻፍነው። የቤት ሥራ አለ፤ ቀላል ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ከሰፈራችሁ ሦስት ሰዎችን ለዩ፤ ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚጠራቸውን። ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡና «ይህ ሰፈር ምን ቸገረው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አትናገሩ፣ ጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት ከሰማችሁት ውስጥ አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ። አንድ ብቻ! ሊፈታ የሚችል፣ ሁሉንም የሚነካ ይሁን፤ የጎርፍ ቱቦ፣ የመንገድ መብራት፣ የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት። በሦስተኛው ሳምንት ማስረጃ ሰብስቡ፤ ስንት ቤት ተጎዳ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የማን ኃላፊነት ነው? ሰፈሩ በራሱ ጉልበት የሚሠራው ከሆነ ደቦ ጥሩ፤ የመንግሥት ከሆነ ማመልከቻ ጻፉ። በአራተኛው ሳምንት አስገቡ፣ ቁጥሩን ተቀበሉ፣ የሚከታተል ሰው መድቡ። ከዚያ ሲሳካም ሳይሳካም ተሰብስባችሁ ምን ተማርን በሉ።

ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል? የሕዳሴው ግድብም ሲጀመር እንዲሁ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ያበደር የለም፣ ያመነም ጥቂት ነበር። ሠራተኛው ከደሞዙ ቦንድ ገዛ፣ ተማሪው ከኪሱ አዋጣ፣ ሰው ወደ 8100 መልእክት ላከ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ14 ዓመት በላይ ወሰደ። ያንን ያህል ዓመት መጠበቅ የቻለ ሕዝብ የሰፈሩን ቦኖ ለማስጠገን ሦስት ጊዜ መመላለስ አያቅተውም። የጎደለን ጉልበት አይደለም፤ ጉልበቱን በየሰፈሩ የሚያቀናጅ ሰው ነው።

እኒያ ገንዘብ ያዥ እናት ውኃው የመጣ ቀን ልጁን ምን እንዳሉት ታውቃላችሁ? አላመሰገኑትም። የዕድሩን መዝገብ አምጥተው ፊቱ አስቀመጡና «ዓይኔ ደክሟል፤ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጻፍ፣ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ» አሉት። አሁን በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ መዝገቡን ይዞ ይቀመጣል። ፖስት ማድረግ አልተወም፤ ግን ከመለጠፉ በፊት «ይህን ለማን ነው የምናገረው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ወገን፣ በየሰፈሩ ዓይናቸው የደከመ፣ መዝገቡን የሚረከባቸው ያጡ እናቶችና አባቶች አሉ። መዝገቡ ክፍት ነው። ሄደን እንቀበላቸው።

ኢትዮጵያ በየሰፈሯ ትጽና!